በበዓለ ልደት የሚነበብ ልብ ወለድ ታሪክ፤ እንባውና ፍሬው

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደቱ በዓል በቀረበ ቍጥር፣ በብዙ አገር የሚኖሩ ክርስቲያኖች ከጸሎቱና ከማዕዱ ጋራ አንድ ሌላ ልማድ አላቸው። ይኸውም ቤተ ሰብ በማታ ተሰብስቦ ልብ የሚነካ ታሪክ ማንበብ ነው። ከነዚህ ታሪኮች የሚበዙት በእውነት የተደረጉ አይደሉም፤ ደራስያን ከልባቸው አንቅተው የጻፏቸው ናቸው። ሆኖም ብዙ ሰው ሲያነባቸው ያለቅሳል፤ ካለቀሰም በኋላ ልቡ እንደ ሞቀ፣ መንፈሱም እንደ ታደሰ ሆኖ ይሰማዋል። እነዚህ መጻሕፍት በትርጕምም በተጻፉበትም ቋንቋ ወደ አገራችን ወጣቶች እጅ የሚደርሱ ስለ ሆኑ፣ ነገሩን መርምሮ መናገር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንዳንዶቹ፣ «ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ መናገር ሐሰት ነው፤ በተቀደሰው ወራት ወንጌሉና ስንክሳሩ እያለ ተረት ማንበብ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ታሪኩ የተጻፈው ለመደሰቻ ነውና ከዚህ የበለጠ ነገር አይፈለግበትም» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም የነገሩን ግማሽ ብቻ እንዳዩ እናምናለን። በመልካም ልቡና የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ ሐሰት አይደለም፤ መደሰቻ ብቻም አይደለም። አንባቢውን ባለዕዳ የሚያደርግ ምሳሌ ነው። ዕዳው ምን እንደ ሆነ፣ በምንስ እንደሚከፈል፣ እግዚአብሔር በፈቀደልን መጠን ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

፩. የነቢዩ የናታን ምሳሌ

ንጉሡ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ፣ ኦርዮንንም በጦር ሜዳ አስገድሎ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው በዙፋኑ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ነቢዩን ናታንን ላከበት። ናታን ግን ወደ ንጉሡ ገብቶ ወዲያው አልከሰሰውም፤ ታሪክ ነገረው እንጂ። በአንድ ከተማ ብዙ በግና ላም ያለው ባለጸጋ ነበር፤ ከአንዲት በግ በቀር ምንም የሌለው ድኻም ነበር። ድኻው ያችን በግ ከራሱ እንጀራ እያበላ እንደ ልጁ አድርጎ ያሳድጋት ነበር። ባለጸጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከመንጋው መካከል ማረዱ አሳሳውና የድኻውን በግ ወስዶ አረዳት። ዳዊት ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። ነቢዩም ያን ጊዜ የታሪኩ ባለጸጋ ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)።

ያ ባለጸጋ በየትኛውም ከተማ አልነበረም፤ በጊቱም አልታረደችም። ነገር ግን በዚያን ቀን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ከዚያ ታሪክ የበለጠ እውነተኛ ነገር አልነበረም። ናታን በግልጥ ከስሶት ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ መልስ ሊያዘጋጅ፣ ምክንያትም ሊያበዛ ይችል ነበር። ታሪኩ ግን የልቡን ዘበኞች ሳያስነሣ አልፎ ገባ። ሰው በራሱ ላይ የማይፈርደውን ፍርድ በሌላው ሰው ላይ በቅንነት ይፈርዳልና።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ናታን ንጉሡ ሲቈጣ አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ ታሪኩን በዚያው ጨርሶ ወጥቶ ቢሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዳዊት፣ «ለድኻ የሚቈረቈር ልብ አለኝ» እያለ ከበፊቱ ይልቅ ራሱን ጻድቅ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ ታሪኩ ሥራውን የፈጸመው ሰሚው በተቈጣ ጊዜ አይደለም፤ ራሱን አውቆ ንስሐ በገባ ጊዜ ነው። የበጎ ታሪክ ሁሉ መመዘኛ ይህ ነው።

ጌታችንም ሕዝቡን ሲያስተምር ስለ ዘሪው፣ ስለ ጠፋው ልጅ፣ ስለ ደጉ ሳምራዊ በምሳሌ ተናገረ። የሳምራዊውን ምሳሌ ከፈጸመ በኋላ ሕግ ዐዋቂውን ታሪኩ ደስ አሰኝቶት እንደ ሆነ አልጠየቀውም። ለተደበደበው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ሆነ ራሱ እንዲፈርድ አደረገው፤ ከፈረደም በኋላ ሄዶ እንዲሁ እንዲያደርግ አዘዘው (ሉቃ. 10፥36-37)።

ይህን ስንል የደራስያንን ልብ ወለድ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ ማስተካከላችን አይደለም። ወንጌል የተደረገውን የሚመሰክር የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ልብ ወለድ ግን ሊቃውንቱ «ምሳሌ ዘየሐጽጽ» እንደሚሉት ጐደሎ ያለበት ምሳሌ ነው። ሎሌ በጌታው ወንበር አይቀመጥም፤ የጌታውን መምጣት በደጅ ቢናገር ግን ሥራውን ሠራ።

፪. የለንደኑ ንፉግ

በልደት በዓል ከሚነበቡት ልብ ወለዶች ሁሉ በዓለም እጅግ የታወቀው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ የጻፈው «የገና መዝሙር» የሚባለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዲክንስ የድኽነትን ነገር ከሩቅ የሰማ ሰው አልነበረም። በ1824 አባቱ በዕዳ ምክንያት በለንደን በታሰረ ጊዜ፣ እርሱ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ በማሰሮዎቹ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። በ1843 በማዕድን ጕድጓድና በየፋብሪካው ስለሚሠሩ የእንግሊዝ ሕፃናት በመንግሥት የተደረገውን ምርመራ ባነበበ ጊዜ ልቡ ስለ ተነካ፣ ስለ ድኻ ልጆች አንድ የአቤቱታ ጽሑፍ ለማሳተም አሰበ። በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። አቤቱታ ከሚጽፍ ይልቅ ታሪክ ቢጽፍ እጅግ የበለጠ ኃይል እንዳለው ተረድቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይህን መጽሐፍ ደረሰ። በታኅሣሥ 19 ቀን 1843 ወጣ፤ የታተመው 6,000 ቅጂም እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ተሸጦ አለቀ። ዲክንስም ናታን ያደረገውን አደረገ ማለት ይቻላል።

የታሪኩ አሳብ እንዲህ ነው። ስክሩጅ የሚባል ገንዘብ ወዳድ ሽማግሌ በገና ዋዜማ ለድኾች የሚሆን ገንዘብ የሚለምኑ ሁለት ሰዎች ወደ መሥሪያ ቤቱ በመጡ ጊዜ፣ እስር ቤቶችና ድኾች የሚከማቹባቸው መሥሪያ ቤቶች ጠፍተው እንደ ሆነ በማሽሟጠጥ ጠይቆ ባዶ እጃቸውን ሰደዳቸው። በዚያች ሌሊት መናፍስት እየመጡ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ዘመኑን አሳዩት። ከመናፍስቱ አንዱ ከልብሱ ሥር ሁለት የከሱና የጐሰቈሉ ሕፃናትን ገልጦ ባሳየው ጊዜ ስክሩጅ ደንግጦ፣ እነዚህ ልጆች መጠጊያ የላቸውምን? ብሎ ጠየቀ። መንፈሱም ስክሩጅ ራሱ በቀን የተናገረውን ያንኑ የእስር ቤት ቃል መልሶ ነገረው። ሽማግሌው በገዛ አንደበቱ ተያዘ። የዳዊትና የናታን ነገር በለንደን ከተማ ተደገመ ማለት ነው።

ብዙ አንባቢ ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው ትንሹን አንካሳ ልጅ ቲምን ነው፤ የሚያለቅሰውም ለእርሱ ነው። እኛ ግን ስክሩጅ ማልዶ ከተነሣ በኋላ ያደረጋቸውን ሦስት ነገሮች አንባቢ አጥብቆ እንዲመለከት እንወዳለን። አንደኛ፣ ለጸሓፊው ለቦብ ክራቺት ቤት ትልቅ የቱርክ ዶሮ ገዝቶ ላከ፤ ላኪው ማን እንደ ሆነ ግን እንዲታወቅ አልፈለገም። ሁለተኛ፣ ትናንት ባዶ እጁን ከሰደዳቸው ሰዎች አንዱን በመንገድ ባገኘው ጊዜ ብዙ ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በዚህም ውስጥ ሳይከፍል የቈየው የብዙ ጊዜ ዕዳ እንዳለበት ነገረው። ሦስተኛ፣ በማግሥቱ የጸሓፊውን ደመወዝ ጨመረለት። የመጀመሪያው በስውር የሚደረግ ምጽዋት ነው። ሁለተኛው ያለፈውን ንፍገት እንደ ዕዳ መቍጠር ነው። ሦስተኛው ከምጽዋት በፊት የሚገባ ፍርድ ነው፤ ደመወዙን ያሳነሰበትን ሰው በዓመት አንድ ቀን ዶሮ መላክ ብቻውን ጽድቅ ሊሆን አይችልምና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ዋጋው 5 ሽልንግ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ የቦብ ክራቺት የሳምንት ደመወዝ 15 ሽልንግ ነው። እንግዲህ ያን መጽሐፍ በመጀመሪያ ገዝቶ ያለቀሰው አብዛኛው አንባቢ፣ ለእንባው የከፈለው የአንድ ድኻ ጸሓፊ የሳምንት ደመወዝ ሢሶ ነበር። ይህ በዲክንስ ላይ ነቀፋ አይሆንም፤ መጽሐፉ የሄደው መሄድ ወደሚገባው ሰው፣ ወደ ባለ ገንዘቡ ነውና። ነገር ግን እንባው መጽሐፉ ሲዘጋ አብሮ ከደረቀ፣ ድኻው ምን ተጠቀመ?

፫. በብርድ የሞተው ሕፃን

ሁለተኛው ምሳሌያችን የሩስያው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በጥር ወር 1876 በራሱ መጽሔት ያወጣው አጭር ታሪክ ነው። ስድስት ዓመት ያልሞላው ወይም የሞላው አንድ ሕፃን ከምድር በታች ባለ ቀዝቃዛ ቤት ነቅቶ የእናቱን ፊት ቢዳስስ እንደ ግድግዳው ቀዝቅዞ አገኘው። መሞቷን ሳያውቅ ወደ ታላቁ ከተማ ወጣ። በመስተዋት ውስጥ ያጌጠ የገና ዛፍና የሚጫወቱ ልጆች አየ። በሌላው ቤት እንጀራ ጣፋጭ ተደርድሮ አይቶ ቢገባ ጮኹበት፤ አንዲት ሴት አንድ ኮፔክ በፍጥነት በእጁ አስጨብጣ በሩን ከፍታ አስወጣችው፤ ጣቶቹ ደርቀው ነበርና ገንዘቡ ወደቀበት። የጸጥታ ጠባቂውም በአጠገቡ ሲያልፍ ሕፃኑን እንዳያይ ፊቱን አዞረ። በመጨረሻም ሕፃኑ ከእንጨት ክምር ኋላ ተደብቆ እንቅልፍ በሚመስል ብርድ ሲደነዝዝ፣ ክርስቶስ በዚህ ዓለም የገና ዛፍ ለሌላቸው ልጆች ወዳዘጋጀው በዓል ሲጠራው፣ እናቱንም በዚያ ሲያገኛት አየ። በነጋታው ዘበኞች ሬሳውን አገኙ።

ዶስቶየቭስኪ ታሪኩን ከልቡ ያወጣው መሆኑን አልሸሸገም፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ጊዜ የተደረገ እንደሚመስለው አስረግጦ ጻፈ። ልብ ወለድ እውነት የሚሆነው እንዲህ ነው። የዚያ ልጅ ስም በመዝገብ አይገኝም፤ ነገር ግን በየትኛው ከተማ ነው እንዲህ ያለ ልጅ የሌለው?

ይህ ታሪክ ልብን የሚያሞቀው እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ማንም ሕፃኑን ወደ ቤቱ አላስገባውምና። መጽናናቱ የመጣው ከሰማይ ብቻ ነው። የሰማዩ በዓል ደግሞ በምድር ያሉትን አያጸድቃቸውም፤ ይወቅሳቸዋል እንጂ። በታሪኩ ውስጥ ሕፃኑን የደበደበ ክፉ ልጅ አለ፤ እጅግ የሚያስፈሩን ግን እርሱ አይደለም። የሚያስፈሩን ኮፔኩን ሰጥታ በሩን የከፈተችው ሴትና ፊቱን ያዞረው ጠባቂ ናቸው። ብዙዎቻችን በሕፃን ላይ እጃችንን አንሥተን አናውቅም፤ ሳንቲም ጥለን ለመገላገል መቸኰልን፣ ፊትን አዙሮ ማለፍን ግን እናውቃለን።

፬. እንግዳ ሆኖ የሚመጣው ክርስቶስ

በዚያው በሩስያ ጌታን በቤታቸው እንግዳ አድርገው ሊቀበሉት ስለ ጠበቁ ሰዎች የተጻፉ ሁለት ታሪኮች አሉ። ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጎ ማንበብ ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

አንደኛው ሊዮ ቶልስቶይ በ1885 ያሳተመው «ፍቅር ባለበት እግዚአብሔር አለ» የተባለው ነው። ነገሩ የተወሰደው ሩበን ሳየንስ ከሚባል ፈረንሳዊ ሰባኪ ታሪክ ሲሆን፣ ቶልስቶይ ወደ ሩስያ ኑሮ መልሶ ጻፈው፤ ድኾችም ገዝተው እንዲያነቡት በርካሽ ዋጋ በሚሸጡ ትናንሽ መጻሕፍት መካከል ወጣ። ሚስቱና ልጆቹ የሞቱበት ማርቲን የሚባል ጫማ ሰፊ ከምድር በታች ባለች ክፍል ይኖር ነበር፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ጌታ በማግሥቱ እንደሚመጣ የሚነግረው ድምፅ ሰማ። በማግሥቱም ሲጠብቅ ዋለ። በረዶ የሚጠርገውን የደከመ ሽማግሌ አስገብቶ ሻይ አጠጣው፤ ሕፃን ታቅፋ በብርድ የምትንቀጠቀጠውን ሴት አብልቶ አለበሳት፤ በአንድ ፍሬ ፖም የተጣሉትን አሮጊትና ልጅ አስታረቃቸው። ጌታ ግን አልመጣም ብሎ ባዘነ ጊዜ፣ በማታ እነዚያ ሁሉ አንድ በአንድ ታዩት፤ የመጣውም ማን እንደ ነበረ ከወንጌል ተረዳ (ማቴ. 25፥35-40)።

ስለ ቶልስቶይ ግን አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ደራሲ በኋላ ዘመኑ የክርስቶስን አምላክነትና የቤተ ክርስቲያንን ምሥጢራት የሚክድ ትምህርት በማስተማሩ፣ የሩስያ ቅዱስ ሲኖዶስ በ1901 ከቤተ ክርስቲያን አንድነት የተለየ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ዓሣ የሚበላ ሰው ሥጋውን ከእሾሁ እንደሚለይ፣ ታሪኩን ስናነብ የጸሐፊውን ትምህርት ሁሉ አብረን መዋጥ አይገባንም።

ሁለተኛው ኒኮላይ ሌስኮፍ በ1881 የጻፈው ነው። በዚህ ታሪክ ጢሞቴዎስ የሚባል ሰው አለ። አጎቱ አሳዳጊው ሆኖ የአባቱን ውርስ አጠፋበት፤ እርሱም በቍጣ አጎቱን ስላቈሰለ ወደ ሳይቤርያ ተጋዘ። በዚያ አገር ቤት ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ መልካም ሰው ሆኖ ኖረ፤ የአጎቱን በደል ግን ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም። አንድ ቀን ፈሪሳዊው ስምዖን ጌታን በቤቱ ሲቀበለው ለእግሩ ውኃ እንኳ እንዳላቀረበለት በወንጌል (ሉቃ. 7፥44) ሲያነብ አለቀሰ፤ ጌታ ወደ እርሱ ቤት ቢመጣ ራሱን እንኳ እንደሚሰጠው ተናገረ፤ እንደሚመጣም የሚነግር መልስ የሰማ መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕዱ የጌታን ስፍራ ባዶ እያኖረ ጠበቀ። በልደት ቀን ድኾችንና ስደተኞችን ሰብስቦ ሳለ በሩ ተከፈተ፤ ቡትቶ የለበሰ፣ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሽማግሌም ገባ። ያ ሽማግሌ አጎቱ ነበር። ጢሞቴዎስም ዐወቀው፤ ጌታ ወደ ቤቱ የገባው በዚህ ጠላቱ አምሳል መሆኑንም ተረዳ። አጎቱንም ለጌታ በተዘጋጀው በመጀመሪያው ስፍራ አስቀመጠው።

ወደ ማርቲን የመጡት እንግዶች ብርድና ረኃብ እንጂ በደል አላመጡበትም። ጢሞቴዎስ ግን የተቀበለው ሕይወቱን ያበላሸበትን ሰው ነው። ለተራበ እንጀራ መስጠት ታላቅ ነገር ነው፤ ለበደለን ሰው የክብሩን ስፍራ መልቀቅ ግን ከዚያ ይከብዳል። በበዓል ቀን ለነዳያን የሚዘረጋ እጅ ያለው ስንት ሰው ነው፤ ከወንድሙ ጋራ በርስት ወይም በቃል ተጣልቶ ዓመታት ሲያልፉ የማያናግረው!

፭. አራተኛው ጠቢብ

አሜሪካዊው ሄንሪ ቫን ዳይክ በ1895 ያወጣው ታሪክም በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። አርታባን የሚባል ጠቢብ ሀብቱን ሸጦ ሦስት የከበሩ ዕንቁዎች ገዛ፤ ለተወለደው ንጉሥም ሊያቀርብ ከሰብአ ሰገል ጋራ ለመሄድ ተነሣ። በመንገድ የታመመ ሰው አግኝቶ ሲያስታምም ባልንጀሮቹ ትተውት ሄዱ። አንዱን ዕንቁ ለመንገዱ ስንቅና ግመል ሸጠው፤ ሁለተኛውን ሄሮድስ ካዘዘው ግድያ አንድ ሕፃን ለማዳን ሰጠው። 33 ዓመት ሲፈልግ ኖሮ በስቅለቱ ቀን ኢየሩሳሌም ሲደርስ፣ ሦስተኛውን ለባርነት የምትሸጥ አንዲት ልጅ ለመዋጀት ከፈለው። ባዶ እጁን ሆኖ ሲሞት፣ ስጦታው ሁሉ አስቀድሞ ለንጉሡ እንደ ደረሰለት ዐወቀ።

ይህ ታሪክ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስለ ሰብአ ሰገል የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል አርታባን የሚባል ሰው አያውቅም። ታሪኩ በወንጌል ጠርዝ ላይ የተሰፋ ልብ ወለድ ስለ ሆነ፣ ለልጆች የሚያነብ ሰው የወንጌሉን ቃል አስቀድሞ ያንብብላቸው፤ ቀጥሎም፣ «ይህ ደግሞ ምሳሌ ነው» ብሎ ይንገራቸው። ሕፃን የተደረገውንና የተመሰለውን ለይቶ ካላወቀ፣ ባደገ ጊዜ አንዱን ሲጥል ሌላውንም ሊጥል ይችላል።

፮. እንባ የሚስትባቸው ሦስት መንገዶች

ከዚህ በላይ ያየናቸው ታሪኮች ሁሉ ያስለቅሳሉ። እንባ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መልካም ነገር ነው፤ ደረቅ ልብን እንደ ዝናም ያርሳል። ገበሬ ግን ዝናም ስለ ዘነመ ብቻ ጐተራው እንደማይሞላ ያውቃል፤ በረጠበው መሬት ላይ ካላረሰና ካልዘራ የሚበቅለው አረም ነው። የአንባቢ እንባም በሦስት መንገድ ይስታል።

የመጀመሪያው እንባን እንደ ምጽዋት መቍጠር ነው። አንባቢው ለመጽሐፉ ድኻ ስላዘነ ለድኾች የሚገባውን ሁሉ እንዳደረገ ሆኖ ይሰማዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘውንና የተራበውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት ጥቅም እንደሌለው ጽፏል (ያዕ. 2፥15-16)። በቃል ማሰናበት የማይጠቅም ከሆነ፣ በእንባ ማሰናበት ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ድኻውን እንደ ሥዕል መውደድ ነው። በመጽሐፍ የምናገኘው ድኻ ትዕግሥተኛ፣ ንጹሕና አመስጋኝ ነው። በደጃችን የሚቆመው ግን አንዳንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ይነዘንዛል፤ የሰጡትንም ያቃልላል። ትንሹን ቲምን መውደድ ቀላል ነው። የጢሞቴዎስን አጎት መውደድ ግን ያስቸግራል። ጌታችን ግን በማቴዎስ ወንጌል ስለ ፍርድ ቀን ሲናገር፣ የተራበውና የታሰረው ሰው ጠባይ መልካም እንዲሆን በመለኪያነት አላስቀመጠም።

ሦስተኛው በዓሉን የዓመት አንድ ቀን ብቻ ማድረግ ነው። ስክሩጅ እንኳ የልደትን በዓል ዓመቱን ሁሉ በልቡ ሊያከብር ቃል ገብቷል። የአንድ ቀን ርኅራኄ ለሰጪው ማስታገሻ ይሆነዋል፤ ተቀባዩን ግን በማግሥቱ እንደ ተራበ ይተወዋል።

፯. በቤታችን እንዴት ይነበብ?

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾም ስለ ሆነ፣ የእነዚህ ሳምንታት ማታዎች ለንባብ የተመቹ ናቸው። ከጸሎትና ከወንጌል በኋላ አባት ወይም እናት፣ ወይም ማንበብ የሚችል ልጅ፣ ከነዚህ ታሪኮች አንዱን ከፍ ባለ ድምፅ ያንብብ። አንብቦ እንደ ጨረሰም መጽሐፉን ወዲያው አይዝጋ፤ እያንዳንዱ ሰው በልቡ ሦስት ነገር ይጠይቅ። በታሪኩ ውስጥ ያ በዳይ ሰው እኔ እሆንን? ታሪኩ የሚናገርለት ሰው ከኔ ጐረቤት፣ ከኔ ዘመድ፣ ከኔ ሠራተኛ ማንን ይመስላል? ከዚህ ሳምንት በፊት ለእርሱ ምን ላደርግለት እችላለሁ? መልሱን በጉባኤ መናገር አያስፈልግም፤ ማድረግ ግን ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ርቀን ሳንሄድ ከገዛ ቤታችን እንጀምር። በሳሎን ተቀምጠን የቦብ ክራቺትን ነገር ስናነብና ስናዝን፣ በማድ ቤት ዕቃ የምታጥብ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ትኖር ይሆናል። ታሪኩን ከእኛ ጋራ ተቀምጣ እንድትሰማ ጠርተናታልን? የወር ደመወዟስ በጊዜው ይከፈላታልን? በዓሉ ሲደርስ እናትና አባቷን አይታ እንድትመለስ እናሰናብታታለንን, ወይስ እንግዳ ስለሚበዛብን ያን ቀን እንዲያውም አብዝታ እንድትሠራ እናደርጋለን? ናታን ዛሬ ወደ ብዙ ቤት ቢገባ፣ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ለንደን ሳይሆን ወደዚያው ወደ ማድ ቤቱ በር ነበር።

በጾሙ ወራት ከማዕዳችን የቀነስነውን በአንድ ስፍራ አጠራቅመን፣ በዋዜማው ለተቸገረ ቤት መስጠትም መልካም ነው። ስንሰጥ ግን የሚቀበለው ሰው እንዳያፍር በስውር ይሁን። የተጣላነው ወንድም ካለም፣ ስጦታው የሚጀምረው ከእርሱ ደጅ ነው።

፰. መደምደሚያ

እነዚህ ደራስያን ሁሉ የተናገሩት ልብ ወለድ ዙሮ ዙሮ ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይመለሳል። በቤተ ልሔም እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የመውለጃዋ ጊዜ በደረሰ ሰዓት በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘላቸውም (ሉቃ. 2፥7)። የማደሪያው ባለቤት ክፉ ሰው ነበረ ተብሎ አልተጻፈም፤ ስፍራ እንዳልነበረ ብቻ ተጽፏል። ይህም በዓሉ ሲደርስ ከብዙዎቻችን የሚሰማ መልስ ነው። ልባችን ክፉ ባይሆንም እንኳ በእንግዳ፣ በግብዣ፣ በገበያና በአሳብ ተሞልቶ ስፍራ የለውም።

መልካም ታሪክ ይህን የተጨናነቀ ቤት ደጅ የሚያንኳኳ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን ሰምተን፣ ቃሉ ጣፋጭ እንደ ሆነ መስክረን፣ አልቅሰንም በሩን መልሰን ብንዘጋው፣ በውጭ የቆመው በብርድ እንደ ቆመ ይቀራል። ስለዚህ የምናነበው ታሪክ ዓይናችንን ካራሰ በኋላ እጃችንን እንዲፈታ፣ ከእጃችንም በኋላ ደጃችንን እንዲከፍት፣ በበረት የተወለደው አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።